ከአባት የተወረሰ መሣሪያ ዋጋው ምንድር ነው?

አባት ሲሞት ለልጆቹ የሚተወው ሀብት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ገንዘብ ቢሆን ተቈጥሮ፥ እህል ቢሆን ተሰፍሮ፥ ወርቅ ቢሆን ተመዝኖ ይታወቃል። ዳሩ ግን ተመዝኖም እንኳ ዋጋው የማይታወቅ ሀብት አለ። ይኸውም አባት በሕይወት ሳለ እንጀራውን የበላበት፥ ዛሬ ግን በግቢ ጥግ ዝጎ የቆመ ከባድ መሣሪያ ነው፤ መሬት የሚገፋው ዶዘር፥ መንገድ የሚያስተካክለው ግሬደር፥ የሚያርሰው ትራክተር፥ የወፍጮውም ሞተር የዚህ ወገን ናቸው። የእንደዚህ ያለው ዕቃ ዋጋ ለሁሉ ዓይን የተገለጠ ስላልሆነ፥ የሚያውቀው ሰው የማያውቀውን ለማታለል ሰፊ በር ያገኛል።

ምናልባት አንባቢ፦ «የብረት ነገር ለመንፈሳዊ ትምህርት ምን ያገባዋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የሟቹ ተዝካር ከወጣ በኋላ ልጆቹ ለክፍያ ሲቀመጡ፥ ከሽማግሎቹ ጋር ተጠርቶ የሚቀመጠው የነፍስ አባት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፥ ርስት አካፍለኝ ላለው ሰው ራሱን አካፋይ አላደረገም፤ ነገር ግን ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ። ከዚህ እንደምንረዳው የክፍያ መጀመሪያው ልብን መመርመር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ሰዎች የመንገድ መሥሪያ መኪና መንዳትንና መጠገንን ተምረዋል። ከነዚህ አንዱ ኋላ አሮጌ ካተርፒላር ዲ 7 ዶዘር ገዝቶ፥ ልጆቹን በእርሱ አሳደገ እንበል። በሞተም ጊዜ ሦስት ልጆች ቀሩ። ታላቁ ከአባቱ ጋር በሥራው ያደገ ነው፤ ሁለተኛው በሌላ ከተማ መምህር ነው፤ ሦስተኛዪቱ በውጭ አገር ትኖራለች። ታላቁም ወንድም፦ «ይህ ከእንግዲህ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ቆራሌው በሚሰጠው ዋጋ በኪሎ ተምኑልኝና እኔ ልውሰደው» አላቸው። እነርሱም አመኑት። እርሱ ግን ሞተሩ ጥቂት ቢታደስ እንደሚነሣ ያውቅ ነበር። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ኪሎውም ትክክል ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በደለ ወይስ አልበደለም?

ለመፍረድ አስቀድሞ ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀለም ምስክር አይሆንም፤ ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1931 መጨረሻ ጀምሮ መኪናዎቹን ቢጫ ቀለም ሲቀባ ኖሯልና፥ ብዙ ዘመን የሚለያያቸው መኪናዎች በመልክ ይመሳሰላሉ። እውነተኛው ምስክር በአካሉና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ፊት ያሉት ምልክቶች የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ፤ ቁጥሩም ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሲተያይ የተሠራበትን ዘመን ያመለክታል። የሞተሩና የአካሉ ቁጥር ባይስማሙ፥ ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል ይህም ሊመረመር ይገባዋል። ዝገቱ በቀስታ ተጠርጎ ቁጥሩ ይነበብ፤ ፎቶግራፍም ይነሣና ለወራሾቹ ሁሉ ይላክ። ከ1940 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ታላቁን የናፍጣ ሞተር የሚያስነሣ ሌላ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር አለ። ይህን የማያውቅ ወራሽ ትንሹን ሞተር ለብቻው ቢሸጠው፥ ታላቁን ዲዳ አድርጎ ያስቀረዋል። ዘይቱና ውሃው ሳይታይም ብዙ ዘመን የቆመን ሞተር በግድ ለማስነሣት መሞከር፥ የጋራ ሀብትን መስበር ነው።

ከታወቀ በኋላ ግምት ይከተላል። የአንድ መሣሪያ ዋጋ ሦስት ነው። አንደኛው የብረቱ ዋጋ ነው፤ እንደዚህ ያለው ዶዘር ከ100 ኩንታል በላይ ስለሚመዝን ይህ ብቻውን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሁለተኛው ተፈትቶ በመለዋወጫነት ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ሦስተኛው ሠርቶ የሚያድር መሣሪያ ሆኖ የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ከዚህ ላይ የማደሻው ወጪ ይቀነሳል። ገማቹም የሰንሰለቱንና የሮለሩን መበላት ይመለከታል፤ የዚህ ማሳደሻ ከሁሉ ይከብዳልና። ዘይቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ እንደ ወተት ነጥቶ እንደ ሆነ፥ አካሉም ተሰንጥቆ በብየዳ ተይዞ እንደ ሆነ ያያል። ሊገዛው የማይፈልግ፥ ከወራሾቹም ከአንዱ ጋር ጥቅም የሌለው ባለሙያ ይህን ይመርምር፤ ቢቻል ሁለት ይሁኑ፤ ደመወዛቸውም ከጋራው ሀብት ይከፈል።

እንግዲህ ወደ ታላቁ ወንድም እንመለስ። እርሱ እንዲህ ብሎ ይከራከር ይሆናል፦ «ዕውቀቴን ያገኘሁት በጭቃና በዘይት ስለፋ ነው። እነርሱ ጠይቀው ቢረዱ ማን ከለከላቸው?» ይህ ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። ዕውቀት ደመወዝ ይገባዋል፤ የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ በግልጥ ጠይቆ ሊቀበል ይችላል። ነገር ግን ደመወዝ ሌላ፥ የወንድም ድርሻ ሌላ ነው። ደመወዝ በፊት ለፊት የሚጠየቅ ነው፤ እርሱ ግን ዝም ብሎ የወሰደው ቢጠየቅ የማይሰጡትን ነው። ደግሞም እርሱ ከገበያ የመጣ ገዢ አይደለም፤ ወንድሞቹ ዓይን አድርገው ያቆሙት ሰው ነው። ዘዳግም በምዕራፍ 25 በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሚዛን መያዝን ይከለክላል። አንድን ዕቃ ለወንድሙ በብረት ዋጋ፥ ለራሱ ግን በሞተር ዋጋ የሚቈጥር ሰው፥ ሁለቱን ሚዛን በልቡ ከረጢት ይዟል። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 20 ገዢው ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ ከሄደ በኋላ እንደሚመካ ይነግረናል። ስለዚህ ይህ ሰው በድሏል።

ነገር ግን ስሕተት በታላቁ ወገን ብቻ አይደለም። እኅቲቱ ደግሞ፦ «የአባቴ እጅ የነካው ነውና አይሸጥም» ትል ይሆናል። ፍቅሯ የተመሰገነ ነው፤ ዳሩ ግን ዝናብ እየወረደበት ብረቱ ይበላል፥ ወንድሞቿም ድርሻቸውን ያጣሉ። መታሰቢያውን የሚወድ በገማቾች ዋጋ ከራሱ ድርሻ አስቈጥሮ ይውሰደው እንጂ፥ ለናፍቆቱ ሌሎችን አያስከፍል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ። «የአባት ዕዳ ለልጅ፥ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል አገራችን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት የሟቹ ዕዳ ከውርሱ እንዲከፈል ያዛል። ዶዘሩን ሲነዳ የኖረው ሠራተኛ፥ ረዳቱም፥ ያልተከፈለ ደመወዝ ቀርቷቸው እንደ ሆነ፥ ያ መሣሪያ ገና የልጆቹ ብቻ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ አስተምሯል። ሊብሬውና የቀረጡ ወረቀትም ይመርመሩ፤ የመንግሥት ግብር ያለበትን ዕቃ ንጹሕ ነው ብሎ መሸጥ ሌላ ገዢን ማታለል ነውና።

እንግዲህ ክፍያው ተፈጽሞ፥ ዕቃውም ተሽጦ፥ ታላቁ ወንድም ኋላ ልቡ ቢወቅሰውና ወደ ነፍስ አባቱ ቢመጣ ምን ይባላል? ጾምና ስግደት ብቻ ታዝዞ ሊሸኝ አይገባም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደላቸውን አራት እጥፍ እንደሚመልስላቸው ተናግሯል። የወንድምን ድርሻ በእጁ ይዞ ንስሐ መግባት፥ ቍስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው። ስለዚህ ካህኑ፦ «ልጄ ሆይ፥ አስቀድመህ ለመምህሩ ወንድምህና ለእኅትህ እውነቱን ንገራቸው፤ የጎደለባቸውን መልስላቸው፤ የድካምህንም ዋጋ በፊታቸው ጠይቅ» ይበለው። ነገሩ የሚያሳፍር ነው፤ ነገር ግን እኅቲቱ ከባሕር ማዶ የምትደውልለትን ድምፅ ያለ ፍርሃት ለመስማት የሚችለው ይህን ያደረገ ጊዜ ነው።

ያ ዶዘር ታደሰም አልታደሰም አንድ ቀን መዛጉ አይቀርም። አባቱ ግን በእርሱ የደከመው ሦስቱ ልጆች በአንድ ማዕድ እንዲበሉ ነበር። የአባቱን ዕቃ በእውነት የሚገምት ሰው ይህን የአባቱን ድካም አብሮ ይቈጥራል።

እውነተኛውን ሚዛን የሚወድ አምላካችን እግዚአብሔር ከመጎምጀት ይጠብቀን፤ ከወንድሞቻችንም ጋር በፍቅር ያኑረን፤ አሜን።