የተጋጠመ ፎቶግራፍና የምስክርነት አማና

ፎቶግራፍ አይቶ «በዐይኔ አየሁት» የማይል ማን አለ? ታዲያ በአንድ ጊዜ ያልተነሣ፣ ከብዙ ቁራጭ የተጋጠመ ፎቶግራፍ እውነት ነው ወይስ ውሸት?

በአገራችን መጸው የአበባ ወቅት ነው። በሰሜን አሜሪካ፣ ለምሳሌ በቬርሞንት፣ ግን ቅጠል የሚረግፍበት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል፤ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፤ ሜፕል በተባለው ዛፍ ላይ ደግሞ ቀዩ ቀለም ያን ጊዜ እንደ አዲስ ይሠራል። ይህን የመሰለ ሰፊ ጫካ በአንድ ፎቶ አይጠቃለልም። ስለዚህ አንሺው ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ያነሣል። እያንዳንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ሲሶ ያህል ይደራረባል፤ የብርሃኑም መጠን እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ከዚያ በኮምፒዩተር ይጋጠማል። በመካከል ነፋስ ከነፈሰ ግን አንዱ ቅጠል ሁለት ቦታ ይታያል፤ አንዱን ማጥፋት ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ የታየውን ቅጠል ማጥፋት ከተፈቀደ፣ የተቆረጠውን ዛፍ ጉቶ ማጥፋትስ? ቀዩን ከነበረው በላይ ማቅላትስ? «ሁሉም ማስተካከል ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማጋጠሙ ያመጣውን ስሕተት ያርማል፤ ሁለተኛው በቦታው የነበረውን ይሰውራል፤ ሦስተኛው ያልነበረውን ይጨምራል። «ለግድግዳ ጌጥ ያሳመርኩት ነው» ብሎ የተናገረ ማንንም አላታለለም። «ጫካው ይህ ነው» ያለ ግን መስክሯል፤ ምስክርነትም አማና ነው። ተመልካቹ ሄዶ ማረጋገጥ አይችልም። ጉቶው ከተሰወረበት ጫካው ደኅና ነው ብሎ ይተኛል፤ መጥረቢያውም ጠያቂ ያጣል።

የታማኝ ምስክር ዋጋ ሩቅ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1848 ፎንቴይንና ፖርተር የተባሉ ሁለት ሰዎች የሲንሲናቲን ከተማ ወንዝ ዳርቻ በስምንት በብር የተለበጡ የመዳብ ሰሌዳዎች አከታትለው አንሥተው ነበር። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ሰሌዳዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ፣ በሩቅ ያለ የማማ ሰዓት ስንት እንደሚል ለማንበብ ተችሏል። አንሺዎቹ ማን እንደሚጠይቃቸው አላወቁም፤ ሥራቸው ግን መልስ ሰጠ።

ዛሬ ማጋጠሙም መሰወሩም በየኪሳችን ባለው ስልክ ይሠራል። ስለዚህ ልጆቻችን ፎቶ ሲያሳዩን «እንዴት ያምራል!» ከማለት ጋር «ምን ወጣለት? ምን ገባበት?» ብለን እንጠይቃቸው። ማጋጠም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያጎደሉትን ሙሉ ነው ማለት ነው።