ከመነቀስህ በፊት ማኅተምህን እወቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሰንበት በምኩራብ የሚነበበው ወንጌል ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ገብቶ በሬ፣ በግና ርግብ የሚሸጡትን ሲያስወጣ፣ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ሲገለብጥ ያሳየናል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን በዚያ አያቆምም። ጌታ በዚያን ጊዜ ስለ ቤተ መቅደስ ሲናገር ስለ ሰውነቱ መናገሩ እንደ ነበር ይገልጥልናል (ዮሐ. 2፥21)። ቅዱስ ጳውሎስም የእኛ ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን፣ በዋጋ ተገዝተናልና የራሳችን እንዳልሆንን ያስተምራል (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)። እንግዲህ የምኩራብ ትምህርት ስለ ድንጋይ ሕንጻ ብቻ አይደለም። ስለ ክንድህ፣ ስለ አንገትህ፣ ስለ ግንባርህም ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ወጣቶች ስለሚጠይቁት ነገር፣ ስለ ንቅሳት፣ በዘመኑ አነጋገር ስለ “ታቱ” እንነጋገር።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መሐል ሜዳ ነበርኩ። የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል። ከቅዳሴ በኋላ ጋቢ የደረበ አንድ ወጣት አያቱን ደግፎ ወደ እኔ መጣ።

“መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።”

“ጠይቅ ልጄ።”

“እናቴ ካረፈች ስድስት ወር ሆናት። ስሟን ከመስቀል ጋር ክንዴ ላይ ልነቀሰው ነው። አዲስ አበባ የሚሠሩበትን ቦታ ጓደኛዬ አሳይቶኛል። ለፋሲካ ሳልደርስ ባስጨርሰው ደስ ይለኛል። ኃጢአት ነው እንዴ?”

እኔ መልስ ሳልሰጥ አያትየው ቀደሙኝ። ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ዙሪያውን የተደረደረ ንቅሳት አላቸው።

“እኔንማ ማን ጠየቀኝ?” አሉ። “ሰባት ዓመቴ ነበር። አንዷ ራሴን፣ አንዷ እግሬን ያዙኝ። መርፌውን አንድ ላይ አስረው ጥላሸት ውስጥ እየነከሩ ወጉኝ። አንገቴን ‘እንቅርት እንዳይወጣብሽ’ አሉኝ። ድዴን ‘ጥርስሽ ነጭ ሆኖ እንዲታይ’ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥልሽ አለኝ። አንተን ማንም አልያዘህ፤ ገንዘብ ከፍለህ ልትወጋ ነው?”

ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም። ያመጣው ጥያቄ የጌጥ ሳይሆን የኀዘን ነበርና።

የእኒህ እናት ታሪክ የብዙ እናቶቻችን ታሪክ ነው። በሰሜኑ ደጋ ሴት ልጅ በልጅነቷ የምትነቀሰው ለውበት፣ ከዓይነ ጥላና ከቡዳ ለመጠበቅ፣ ወይም ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ነው። እንቅርት ዋናው መንስኤው የአዮዲን እጥረት መሆኑ ዛሬ ይታወቃል። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በአገራችን ደንብ የወጣውም ለዚህ ነው። መርፌውና ጥላሸቱ እንቅርቱን አላዳኑም። የግንባሩ መስቀል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ክርስቲያንነታቸውን ሊመሰክሩበት ተነቅሰውታል።

ታዲያ መጽሐፍ ምን ይላል? በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ ሞተ ሰው ብለው ሥጋቸውን እንዳይነጩ፣ ገላቸውንም እንዳይነቀሱ አዝዟል። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቁጥር ላይ ተቀምጠዋል። በአገራችን ለቅሶ ላይ ፊታቸውን የሚነጩ እናቶችን ያየ ሰው ይህ ቃል ለማን እንደ ተነገረ ማሰብ አያስፈልገውም። አሕዛብ በሙት ላይ ተስፋ ቆርጠው ሥጋቸውን ያቆስሉ ነበር። እግዚአብሔር ግን ሕዝቡን “ኀዘናችሁ እንደ እነርሱ አይሁን” ሲላቸው ነው። ትንሣኤ ሙታንን የሚያምን ሰው ለሞተበት ሰው ደሙን አያፈስም።

“ግን መምህር፣ የግብፅ ክርስቲያኖች መስቀል ይነቀሱ የለም ወይ?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የኮፕት ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማም ከግብፅ የመጣው የራዙቅ ቤተሰብ ለተሳላሚዎች መስቀል በመንቀስ የታወቀ ነው፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሰባት መቶ ዓመት እንደሆነው ቤተሰቡ ይናገራል። ለኮፕቶቹ ያ ምልክት ጌጥ አይደለም። ክርስቲያን መባል ዋጋ በሚያስከፍልበት አገር “እኔ የክርስቶስ ነኝ” ብሎ የማይካድ ምስክርነት መስጠት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የኢየሱስን ምልክት በሥጋው እንደሚሸከም ጽፏል (ገላ. 6፥17)። የእርሱ ምልክት ግን መርፌ ያወጣው ሳይሆን ስለ ወንጌል የተገረፈው ጠባሳ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ምን ልነቀስ?” ሳይሆን “ለምን?” የሚለው ነው። ለታይታ ነው? ጓደኛ ስላደረገው ነው? ወይስ የማትችለውን ኀዘን ቆዳህ ላይ ልታሳርፈው ነው?

የመንዝ ሰው በግ አርቢ ነውና አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በግ የማን እንደሆነች እንድትታወቅ ጆሮዋ ላይ ምልክት ይደረግባታል። ምልክቱን የሚያደርገው ግን ማን ነው? ባለቤቷ ነው። ራሷን የምታመለክት በግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንተም ባለቤትህ አስቀድሞ አትሞሃል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ ሕዋሳታችን በቅዱስ ሜሮን ተቀብተዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቤዛ ቀን የታተምንበት ያለው የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ይህ ነው (ኤፌ. 4፥30)። አንገትህ ላይ ያለው ማዕተብም የዚያ ምስክር ነው። ይህ ማኅተም በዓይን አይታይም፤ በሌዘርም አይጠፋም። ሰው ቆዳው ላይ መስቀል ተስሎ ማዕተቡን ቢበጥስ፣ ጾሙን ቢሽር፣ ወንድሙን ቢጠላ የቆዳው መስቀል ይፈርድበት ይሆናል እንጂ አያድነውም።

ለዚያ ወጣት ይህን ከነገርኩት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅሁት። “ልጄ፣ የእናትህ የክርስትና ስም ማን ነበር?”

ዝም አለ። አያቱን ዞሮ አያቸው። አያትየው ስሟን ነገሩት፤ ሲነግሩትም አለቀሱ።

ክንዱ ላይ ሊያጽፈው የነበረው ዓለም የሚጠራትን ስም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን በጸሎተ ፍትሐት፣ በተዝካር፣ በቅዳሴ የምታስባት በክርስትና ስሟ ነው። ያንን ስም አያውቀውም ነበር። “ይህን ስም ተሸክመህ ሂድ” አልኩት። “በየቅዳሴው ለካህኑ ስጥ። ለታቱ የያዝከውን ገንዘብ በስሟ ለነዳያን አብላበት። ያኔ ስሟ በሰማይ ይጻፋል፤ አንተም ከሞትክ በኋላ የማይበሰብስ ይሆናል።”

አሁን ደግሞ ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነውና መጠበቅ ስላለበት፣ ሊነቀስ ያሰበ ሰው እነዚህን ይወቅ፦

1ኛ/ አይለቅም። እንሶስላ በሳምንታት ይለቃል። ንቅሳት ግን ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ውጠው ይዘውት ይኖራሉ። በሌዘር ለማስጠፋት ብዙ ጊዜ መመላለስና ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቦታው ሊነጣ ይችላል።

2ኛ/ በደም ይተላለፋል። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ከተነቀሰበት ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ሊተላለፉ ይችላሉ። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። መንጋጋ ቆልፍም አለ። ስለዚህ መርፌው ከታሸገበት ፓኬት ፊትህ ያልተከፈተ፣ ቀለሙ ለአንተ ብቻ ያልተቀዳ፣ ነቃሹ አዲስ ጓንት ያላደረገ እንደሆነ ተነስተህ ውጣ። በሰፈር፣ በጥላሸት የሚደረገውማ ጨርሶ አይሞከር።

3ኛ/ ጠባሳህን እወቅ። ቁስሉ ሲድን እያበጠ የሚወጣበት ሰው፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች እህት መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

4ኛ/ ጊዜውን አስብ። ትኩስ ቁስል ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል። እስኪድን ድረስ ብዙ ሰው በሚነከርበት ጸበል ውስጥ አይዘፈቅም። የሚደማ ቁስል ይዞም ወደ ቅዱስ ቁርባን እንደማይቀረብ አባቶች ያስተምራሉ። ደም ለመለገስም ለወራት መጠበቅ ሊያስፈልግህ ይችላል።

5ኛ/ ከሁሉ በፊት የንስሐ አባትህን ጠይቅ። በችኮላና በኀዘን የተወሰነ ነገር ብዙ ጊዜ ይጸጽታል። “እስከ ጾሙ መጨረሻ ልታገሥ” በል። እስከዚያ ታግሠህ ያው ሐሳብህ ከሆነ፣ ያኔ ከአባትህ ጋር ትነጋገራለህ።

ቀድማችሁ የተነቀሳችሁ ደግሞ፣ ይህን ስታነቡ ልባችሁ አይሰበር። በልጅነታችሁ ተይዛችሁ የተነቀሳችሁ እናቶች ምን በደል አለባችሁ? በወጣትነት ስሜት ያደረጋችሁትም ንስሐ አለ። የተነቀሰውን ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ በዓይኑ የሚገላምጥ ሰውም እርሱ ራሱ ከምኩራብ መባረር ከሚገባቸው ነጋዴዎች አይሻልም። ጌታ ያጸዳው ቤት ውስጥ ያለውን ሸቀጥ ነበር እንጂ ቤቱን አላፈረሰውም።

በነቢዩ ኢሳይያስ አድሮ እግዚአብሔር ጽዮንን በእጆቹ መዳፍ ላይ እንደ ቀረጻት ይናገራል (ኢሳ. 49፥16)። ያ ቃል በዕለተ ዓርብ ተፈጸመ። የአንተን ስም በእጁ የጻፈው በችንካር ነው። ቶማስም ያየው ያንን ምልክት ነው። እኛ ልንነቀስለት ከምናስበው በፊት እርሱ ስለ እኛ ተወግቷል። በቀረው የጾም ወራት ያንን እጅ እያሰብን ቤተ መቅደሳችንን እናጽዳ።

ያ ወጣት ተነቅሶ ይሁን ሳይነቀስ አላውቅም። የእናቱን የክርስትና ስም ግን በሚቀጥለው እሑድ ለካህኑ ሲሰጥ አይቻለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር።
አሜን።