«ጧሪ የላትም እንበል»

ልጆቼ፣ ባለፈው ወር እዚሁ አሰላ አንዲት የሰፈራችንን እናት ልጠይቅ ሕክምና ቤት ሄጄ የሰማሁት ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስትሮክ ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ወስዶባቸዋል። ሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ ተመላልሰው ባለሙያዋ «ከእንግዲህ የሚያስፈልጋቸው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው» ብላ አሰናበተቻቸው። ከአዲስ አበባ የመጣው ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ውጭ አገር ካለች እህቱ ጋር በስልክ ይመክራል። እናቱ ክንዱ ሥር፣ ዊልቸር ላይ ናቸው።

«መቄዶንያ እናስገባት፤ ጧሪ የላትም እንበል» አለ።

እናቱ በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

አንደበት ሄደ ማለት ጆሮ ሄደ ማለት አይደለም! ግራው አንጎል ሲመታ ቀኝ ጎንና ንግግር ይያዛል፤ የሚባለውን መረዳት ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ይቀራል። ሁለት ልጅ ያሳደጉ ሴት «ጧሪ የላትም» ሲባል ሰምተዋል። ደግሞስ መቄዶንያ የማን ቤት ነው? ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምረው ጎዳና ለወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ብሎ ነው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላሉ እነሱ፤ አንተ ልጅ ሆነህ አቃተህ። ዋሽተህ የምታስይዘው አልጋ ዛሬ ማታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድር የአንድ ሽማግሌ አልጋ ነው። ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበትም የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ጽፎታል፤ የእግዚአብሔርንስ ትእዛዝ ከሕፃንነታችሁ ታውቁታላችሁ።

መንከባከቢያ ተቋም ማስገባት ነውር ነው የምል ሽማግሌ እንዳልመስላችሁ። ድሮ እል ነበር፤ ትቼዋለሁ። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናትን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሠራተኛ ጥሎ በየወሩ ብር መላክ ይብሳል። በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ያቺ ልጅ በምን ጉልበቷ ታገላብጣቸው? ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ትን እንዳይላቸው። የደም ግፊት መድኃኒቱ አንድ ቀን አይታለፍ። ነርስ ያለበት ቤት ካገኛችሁም አስገቧቸው፤ ግን በገዛ ስማችሁ ፈርማችሁ፣ በገዛ ገንዘባችሁ፣ እሁድ እሁድም እየሄዳችሁ።

እኔም ከወቀሳ አልድንም። በ1978 ዓ.ም. አባቴ ሳጉሬ የገብስ ማሳቸው ላይ ወደቁ። እኔና ወንድሞቼ ሳንጠይቃቸው ጭነን አሰላ እኔ ቤት አመጣናቸው። እናቴ ከወገባቸው ሥር የበግ አጎዛ አንጥፋ፣ ሌሊቱን እየነቃች ታገላብጣቸው ነበር፤ በሦስት ዓመት አንድ ቁስል አላወጡም። እኔ ደግሞ ለማብላት እንዲመቸን ብዬ አልጋውን ከግድግዳው ጥግ አስጠጋሁት። በደህናው እጃቸው ግድግዳውን ይደበድባሉ። «ዛሬም ተነጫነጩ» እንላለን። እንዲህ እያልን ወራት ሄደ። አንድ የዓመት በዓል ዋዜማ ቤቱን ልንለቀልቅ አልጋውን ወደ በሩ ስናወጣው ጭላሎን አዩት። ዝም አሉ። ምሳ እስኪደርስ ዓይናቸውን ከተራራው ላይ አላነሱም። ሳጉሬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ተራራ ነው። በሩ ከእግርጌያቸው አምስት እርምጃ ነበር፤ «ወዴት እናዙርልዎ?» ያለ ግን አልነበረም።

እናንተ ግን ከእኔም ትብሳላችሁ። እኔ የጭሰኛ ልጅ ነበርኩ፤ የሚያስተምረኝም አልነበረም። እናንተ በኪሳችሁ ሐኪም ቤት የሚያህል እውቀት ያለው ስልክ ይዛችሁ እየዞራችሁ፣ የእናታችሁ ፊት ላይ ደቅናችሁ «እማዬ፣ ሰላም በያቸው» ትላላችሁ። ማን ስንት ላከ፣ ማን አልመጣም እያላችሁ በአልጋቸው ራስጌ ትጨቃጨቃላችሁ። «እማዬ፣ የት መሆን ትፈልጊያለሽ?» ያለ አንድ ልጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለ ላም ሽያጭ እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። ጧሪ የላትም እንበል! አፋችሁ እንዴት እሺ አለ?

ያን ዕለት ልጁ ባጃጅ ሊጠራ ሲወጣ ዊልቸሩ አጠገብ በርከክ አልኩ። ጉልበቴ ጮኸ። «እህቴ፣ አንድ በአንድ እጠይቅዎታለሁ፤ የወደዱት ላይ እጄን ይጫኑኝ» አልኳቸው። ቤትዎ? ልጅዎ ዘንድ? ነርስ ያለበት ቤት? ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ አንዱ ላይ ጫኑኝ።

ልጁ ተመልሶ መጣ። ከደጅ ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል።

«ምን አለችዎ?» አለኝ።

«ቁጭ በልና ጠይቃት» አልኩት፤ ቦታዬን ለቀቅኩለት።