እምቢ ያለው ልጅ

 

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከቀረበላቸው መጠጥ ጠጡ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ተራው የቀኙ ነውና ለትልልቆቹ ላስቀድም ወይ ብለው ልጁን አስፈቀዱት። ልጁ ከእርስዎ የሚደርሰኝን ድርሻ ለማንም አልለቅም አለ። መጠጫውን እጁ ላይ አኖሩለት።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ አጠጣጥ አደብ ሲወራ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ልጁ ነው። በእኛ ቤት ቢሆን «ባለጌ! ትልልቅ ሰው ፊት!» ይባል ነበር። ዓይን አፋር ልጅ ቢሆን ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ያቀብልና «እንዴት ያለ ጨዋ!» ይባልለታል። ያቀበለው ግን ለግሶ ነው ወይስ ፈርቶ? ከውጭ ሲታይ አይለይም።

የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ጄሮም ካጋን ለ4 ወር ሕፃናት እንግዳ ነገር እያሳየ ያጠና ነበር። ከ5ቱ አንዱ ያህል ይንፈራገጣል፣ ያለቅሳል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ2 ዓመታቸው ከማያውቁት ሰው የሚሸሹ ሆኑ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ልጁ ገና ሳያስብ ተፈጥሮው ወደ አንዱ በኩል ይገፋዋል ማለት ነው።

ታዲያ ምስጋናው የማን ነው? አሸጅ ዐብዱልቀይስ በእርጋታው ሲወደስ ይህንኑ ጠየቀ፦ እኔ ያመጣሁት ነው ወይስ አላህ የፈጠረብኝ? አላህ እንደፈጠረበት ሲነገረው አላህን አመሰገነ። እርጋታ ስጦታ ከሆነ፣ ያልተሰጠውን ልጅ በምን እንወቅሰዋለን?

ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። አነስ ልጅ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላኩት። በልቡ ሊሄድ አስቦ በአፉ አልሄድም አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ገበያ ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ አየ። ነቢዩ ከኋላው መጥተው ማጅራቱን ያዙት፤ ዞር ሲል እየሳቁ ነው። የላኩት ቦታ ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት፤ አሁን እሄዳለሁ አለ። መልእክቱ አልቀረም፣ ልጁም አልተሰደበም።

ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ እንግዳ መጥቶ ትንሿ እህታችሁ በር ጀርባ ብትደበቅ «ነይ ሳሚ!» ብላችሁ አትጎትቷት። ሰላምታው ይቆያት፤ አይቀርባትም። እንግዳው ሻዩን እስኪጨርስ ራሷ ብቅ ትል ይሆናል።