ወሰን ያላበጀው መወሰኛ

በጥንቱ የዙፋን ችሎት ፍርድ የሚሰጥበት ወግ ነበረ። የከሳሽና የተከሳሽ ነገር ተሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚናገረው በማዕርግ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነው። ከዚያ ተከታዩ፣ ቀጥሎም የእሱ የበላይ፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ ይናገራሉ። የራስ ማዕርግ ያለው ቀድሞ ቢናገር ከታች ያለው ባላምባራስ ምን ይላል? ንጉሡ ቢቀድሙማ የቀረው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። ወጉን የሠሩት ሰዎች የፍርሃትን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሰው የልቡን እንዲናገር ከፈለግህ ከሚፈራው ሰው አስቀድመህ አናግረው።

ይሁንና ይህ ብልሃት የማይደርስበት ቦታ አለ። መጨረሻ የሚናገሩት ሰው ቀድመው የሚናገሩትን ሁሉ የሾሙ፣ ሲፈልጉም የሚሽሩ ከሆኑ፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ምን ይፈይዳል? ይህ ጥያቄ በ1924 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረውና በ1967 መባቻ በሩ ከተዘጋው ከኢትዮጵያ ፓርላማ ላይኛው ምክር ቤት ጋር አርባ ዓመት አልፎ ኖሯል። ሕዝቡ ሴኔት ይለው ነበር፤ የመዝገብ ስሙ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው።

ስሙን ቆም ብሎ ማየት ደግ ነው። ወሰነ ከሚለው ግስ ውሳኔም ወሰንም ይወጣሉ። ገበሬ ወሰን ሲል በድንጋይ የተተከለውን፣ የእኔ እዚህ ያበቃል፣ የአንተ ከዚያ ይጀምራል የሚያሰኘውን ምልክት ማለቱ ነው። በቋንቋችን መወሰን ማለት እንግዲህ ድንበር ማበጀት ነው። ሕግ መወሰኛ የተባለ ቤት ታዲያ የማንን ድንበር ነበር የሚያበጀው?

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አርአያቸውም እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ግን ቅጂውና ዋናው አንድ ቁልፍ ቦታ ላይ ይለያያሉ። በጃፓን ላይኛው ምክር ቤት ከፍተኞቹ መሳፍንት በውርስ ይቀመጡ፣ ዝቅ ያሉት መኳንንት ደግሞ እርስ በርሳቸው ተመራርጠው ይገቡ ነበር። ንጉሡ የሚሾሟቸው አባላት ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ ወንበራቸውን ያገኙት ከእሳቸው እጅ አልነበረም። የእኛ ግን በሙሉ ተሿሚ ነበር። በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ያገለገሉ መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ይመረጡ ነበር።

የታችኛው ቤት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣ አባላትም ያኔ የሕዝብ ምርጫ አላዩም፤ የሚመርጧቸው መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። ሆኖም ለታችኛው ቤት አንድ «እስኪ» ተጽፎለት ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ። ያ «እስኪ» ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶ ደረሰ፤ በ1950 ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ፣ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። ለላይኛው ቤት ግን የሚጠበቅ ቀን አልተጻፈለትም።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሴናተሩን መልክ በዝርዝር ይሥላል። ዕድሜው ከ35 ያላነሰ፣ መስፍን ወይም ባለማዕርግ፣ ወይም ከፍ ባለ ሥልጣን ላይ የነበረ፣ ወይም በጠባዩ፣ በማስተዋሉና በአገልግሎቱ የተመሰገነ ይሁን ይላል። ቁጥራቸው ከእንደራሴዎቹ እኩሌታ አይበልጥም። ዘመናቸው ስድስት ዓመት ሲሆን ሲሶው በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። ከመመዘኛው አንዱ ሰውየው የሕዝብ አክብሮት ያገኘ መሆኑ ነበር። አክብሮቱ የሕዝብ ነው፤ ሚዛኑን የያዘው እጅ ግን የዙፋኑ ነው። የምክር ቤቱ ዓመት የሚከፈተው እንኳ በጥቅምት 23፣ በዘውድ በዓል ቀን ነበር።

ለተሿሚ ምክር ቤት የሚቆም ቁም ነገር ያለው ክርክር መኖሩን አልክድም። የምርጫ ጭብጨባ የማያሳስበው፣ ብዙ ያየ፣ አገር የገዛና ጦር የመራ ሰው የችኮላ ሕግ ሲመጣ ቆይ ማለት ይችላል። እኛም ሽማግሌ የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ሽማግሌን ደግሞ በድምፅ ብልጫ አንመርጠውም። ግን ሽማግሌ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚቀመጥ እናስተውል። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተጣልተው ዛፍ ሥር ሲቀርቡ ይሄኛው ሁለት ይጠራል፣ ያኛው ሁለት ይጠራል፣ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሰው መካከል ይገባል። የሽማግሌው ሥልጣን ከሽበቱ አይመጣም፤ ሁለቱም ወገን እሺ ስላሉት ነው የሚመጣው። ሽማግሌዎቹን ሁሉ አንደኛው ባለጉዳይ ብቻ ጠርቶ ቢያስቀምጣቸው ሽበታቸው እንዳለ ይሆናል፤ ሽምግልናው ግን ቀርቷል።

ሌላም ነገር አለ። በአገሩ ጦር ያለው፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ባላገሩ የሚከተለው መስፍን ለንጉሥ እምቢ ማለት ይችል ነበር። እምቢታው ብዙ ጊዜ ለፍትሕ ሲል አልነበረም፤ ባላገሩ ራሱ ከዚያ መስፍን እጅ የቀመሰውን ያውቃል። ስለዚህ ማዕከላዊ መንግሥት ጦሩንና ግብሩን መሰብሰቡን ብቻውን አንነቅፍም። ሰውየው ከግዛቱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ ወንበር ሲሰጠው ግን ሹመቱ ክብር የለበሰ ግዞት ሊሆንበት ይችላል። ጋሻውን ያስረከበ ሰው በምትኩ አንደበት ሊሰጠው ይገባ ነበር። የተሰጠው ወንበር ነው። ያ ወንበርም የመጨረሻ ቃል አልነበረውም፤ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሕግ ባይስማሙ አብረው ይሰበሰቡ ነበር፤ አሁንም ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ዙፋኑ ይወጣ ነበር። ሁሉም መንገድ ወደዚያው ይመለስ ነበር።

እንግዲህ ይህ ቤት እምቢ ማለት ጨርሶ አይችልም ነበር ማለት ነው? አይደለም። በ1960ዎቹ የመሬት ባለቤትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር። እኩል አራሹና ሲሶ አራሹ ለባለመሬቱ የሚያገባው ድርሻ እንዲወሰን፣ ያለ በቂ ምክንያትም ከመሬቱ እንዳይነቀል የታሰበ ሕግ ነው። ዓመታት ተንከባለለ፣ ሥርዓቱ እስኪወድቅም አልጸደቀም። ጥፋቱን ሁሉ በላይኛው ቤት ላይ መጫን አይገባም፤ ለታችኛው ቤት ለመመረጥም ንብረት ያሻ ነበርና እዚያም የባለመሬቱ ድምፅ ከባድ ነበር። ያም ሆኖ ነገሩ አንድ እውነት ያሳያል። ወደ ላይ እምቢ ማለት የተነፈገው ሰው እምቢታው አልጠፋም፤ ወደ ታች ዞረ። ሥልጣን እዚህ ላይ ያበቃል ብሎ ድንጋይ መትከል የተሳነው ቤት የርስትን ድንበር ግን ተግቶ ጠበቀ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ተረቱ ጥፋቱን የሚጥለው ምክር አልሰማ ባለው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚመክር ሰው እንደነበረ አምኖ ተቀብሏል። መካሪው ራሱ የተመካሪው ስጦታ በሆነበት ቤት ውስጥ መከራ የሚመጣው ሁለተኛ ሆኖ አይደለም፤ የመጀመሪያው መካሪ እሱ ይሆናል። እንደዚያም ሆነ። ወሎ በረሃብ ስታልቅ ወሬው ተዳፈነ። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ የወታደሩ ውኃ መሳቢያ ተበላሸና ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከለከለ። ወታደሩ አለቆቹን አሠረ። ነገሩን እንዲያዩ የተላኩለትን የምድር ጦር አዛዥም ይዞ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ እሱ የሚጠጣውን አጠጣቸው። ከዚያ ወር በፊት ስለዚያ ውኃ ለመንግሥት የሚነገርበት የተከበረ ቤት አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሰዓት ማማውም ከሩቅ ይታያል። ወሬው ግን የደረሰው በዚያ ቤት በኩል አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ተበተኑ። ኅዳር 14 ሌሊት ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊው ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከእነሱ መካከል በየጊዜያቸው የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ነበሩ።

ያን ሌሊት የሰውን ነፍስ ለማጥፋት የሚያስፈልገው አንድ ውሳኔ ብቻ ሆነ፤ የሚያግደው ችሎት፣ የሚጠይቀው ቤት፣ ቆይ የሚለው ሰው አልነበረም። ያ ሥልጣን ወታደሩ ከባዶ የፈጠረው ነው ለማለት ይከብደኛል። ወሰን ሳይበጅለት የቆየ ሥልጣን ነበር፤ ባለቤቱ ተለወጠ። ወሰን የሚተከለው ለዛሬው ገዥ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚሆን ለማይታወቀው ለነገውም ነው። በዙፋኑ ዙሪያ ያልተተከለው ድንጋይ ያን ሌሊት የሴናተሮቹን ደጅ ሊጠብቅ ይችል የነበረው ድንጋይ ነው።