«ይደርሳል» ስለ ማለት

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ባልንጀራን በማመንና ባልንጀራን በመተው መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? በ1986 ዓ.ም. ሦስት መምህራን በሞተር ብስክሌት ከጎንደር ተነሥተን ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድን። ደባርቅን አልፈን፥ ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ የሠራውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም ውስጥ ስንወርድ፥ የአንደኛው ጓደኛችን ፍሬን እንደ ደከመ አውቅ ነበር። ዳሩ ግን «ጎበዝ ነው፥ ይደርሳል» ብዬ ቀደምሁ፤ ሁለተኛውም እኔን አይቶ ተከተለኝ። ዛሪማ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ፥ እርሱ እግሩ ተሰብሮ ከመንገድ ዳር ወድቆ ነበር። ጋቢውን አልብሶ አጠገቡ ያመሸው የማያውቀው እረኛ ነው። ወዳጄ ይቅር ብሎኛል፤ ነገር ግን ሲያነክስ ባየሁት ቍጥር፥ «ይደርሳል» ያልሁት መዘግየትን ጠልቼ እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል። የሚያምን ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ስለዚህ ከፊት የምትሄድ ሆይ፥ ፍጥነትህን በኋለኛው ልክ መጥን።