የማታ መርዶ

በአገራችን መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ በድብቅ ይጠራራል፣ ነግቶ አልነጋም በሚባልበት ሰዓት በር ይንኳኳል። መርዶ የሚነገረው ሰው ውጭ አገር ቢሆን እንኳ ወዳጆቹ ቤቱ እስኪደርሱለት ድረስ ወሬው ይያዝለታል። ይህን ወግ ያወጡልን ሰዎች እውነትን ፈርተው አይመስለኝም። ሰው ብቻውን የማይችለው እውነት እንዳለ ያውቁ ነበር።

እናቴን የመርሳት በሽታ ከያዛት ወዲህ ይህ ነገር ያብሰለስለኛል። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሲመሽ ነው ቤት የሚገባው። እማዬም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መቁነጥነጥ ትጀምራለች፤ መጋረጃውን ገልጣ በሩን ታያለች፣ “አባትሽን ምን አቆየው?” ትለኛለች። ሐኪሞች በዚህ በሽታ የተያዙ ብዙ ሰዎች ወደ ማታ ላይ ይበልጥ እንደሚረበሹ ይናገራሉ። ታዲያ ምን ብዬ ልመልስላት?

ወንድም ጋሼ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ እናትን መዋሸት ኃጢአት ነው ይላል። አንድ ማታ እጇን ይዞ “እማዬ፣ አባዬ እኮ ሞቷል፤ አብረን ነው የቀበርነው” አላት። ደረቷን መታች። “መቼ? እንዴት ሳትነግሩኝ?” እያለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ቀብር ውሰዱኝ አለች። እራት ሲቀርብ መርዶውን ረስታዋለች። ለቅሶው ግን አልተዋትም፤ ምን እንደሚያስለቅሳት ሳታውቅ እንቅልፍ እስኪወስዳት እንባዋ ይወርድ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአልዛይመር ሕሙማን የሚያሳዝንና የሚያስደስት ፊልም አሳይተው፣ ያዩትን ከረሱ በኋላም ስሜቱ አብሯቸው እንደሚቆይ አረጋግጠዋል። እኛም ቤታችን ውስጥ ያየነው ይህንኑ ነው። እውነቱ ከእማዬ ዘንድ አያድርም፤ ኀዘኑ ግን ያድራል።

ነገሩን ለንስሐ አባታችን አቀረብንላቸው። “እናታችሁ የምትጠይቀው ሞቷል ወይ ብላ አይደለም፤ ብቻዬን ቀረሁ ወይ ነው የምትላችሁ። እሱን መልሱላት” አሉን። ከዚያ ወዲህ “አባዬ ደህና ነው” እላታለሁ። ይህን ስል እየዋሸሁ አይደለም፤ ያረፉት በፈጣሪ ዘንድ ሕያዋን ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ ተዝካሩንም ያወጣነው በዚሁ እምነት ነው። “እየመጣ ነው” ማለትን ግን አልደፍርም፤ አንዴ ካልኳት በር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀው ታመሻለች። ጎረቤታችን ሙስሊም እናት ናቸው። እማዬ ስትጠይቃቸው “አላህ ያውቃል፤ እስኪ ቡናው ይፍላና እንጫወት” ይሏታል። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

ችግሩ፣ እኔ ብቻዬን መልሱን ባውቀው አይበቃም። “ቤቴ ልሂድ” ብላ ስትወጣ ባለሱቁ በቅንነት “እማማ፣ ጋሼ እኮ አርፈዋል” ቢላት መርዶው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰፈሩ በሙሉ ማወቅ አለበት፤ ሰፈሩን በሙሉ የሚሰበስብ ደግሞ ከእድር ሌላ የለንም። ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው፤ ከሚደረግላቸው እንክብካቤም 70 በመቶውን ሰዓት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው።

እማዬ ወርሃዊ መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም። በደንቡ መሠረት ግን እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ይዞ የሚመጣላት ስትሞት ነው። እንዲህ ሆኖ መቅረት የለበትም። በኤችአይቪ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች በሕይወት ላለ ሰው ደርሰዋል፤ አልጋ ላይ የዋለውን አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ስለዚህ በስብሰባችን ላይ ጠየቅሁ፦ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሁለት ሰው በተራ መጥቶ ያጫውታት፤ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ሳይከራከራት፣ ጨዋታ እያመጣ ወደ ቤት ይመልሳት፤ ስለ አባዬ ስትጠይቅ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይስጣት። ሌላም ቤት እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ ደንቡ ለእሱም ይሁን።

አንድ አባት “እድር እኮ የቀብር ማኅበር ነው” አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን አልተስማማሁም። እድር ለቀስተኛን ለብቻው አይተውም፣ ሦስት ቀን አብሮት ይቀመጣል። እማዬ ደግሞ ማታ ማታ ለቀስተኛ ናት። ገንዘብ ያዣችን ገንዘብ እንዳልጠየቅሁ ሲረዱ “ታዲያ በጉርብትና የሚያልቀውን ነገር ደንብ ውስጥ ምን ያስገባዋል?” አሉኝ። አሁን ቡና የሚያፈሉላት ጎረቤታችን ቤታቸው ለልማት ይነሣል ተብለዋል። እሳቸው ሲሄዱ የማን ተራ እንደሚሆን ደንቡ ላይ ካልተጻፈ፣ በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ እማዬ ጋ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም አልኳቸው። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ተቀጥሯል።